ለሩብ ሰዓት መጥቶ የሄደው ስትሮክ

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ደም ግፊት እንዳለባት ከተነገራት አራት ዓመት ሆኗል። አምሎዲፒን ታዞላታል፤ የምትውጠው ግን ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። ባለፈው እሁድ ቡና እየቀዳች ሳለ ስኒው ከቀኝ እጇ አመለጣት፤ አፏ ወደ ግራ ተጣመመ፤ ልትናገር ስትሞክር ምላሷ ተሳሰረ። ጎረቤቶች «ነፋስ መትቷት ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። በ15 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ደህና ነች፤ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላለች። መድኃኒት ቤት ስንጠይቅ «አስፕሪን በየቀኑ ትውሰድ» አሉን። እውነት ነፋስ ነው? ካለፈላትስ መሄድ ያስፈልጋታል? አስፕሪኑንስ እንስጣት?

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት እናትዎ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያው ደብረ ብርሃን ካለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይጀምሩ። ሲቲ ስካን (የአንጎል ራጅ) በዕለቱ የማይነሳ ከሆነ የሚያዩዋቸው ሐኪም ሪፈር ይጻፉላቸውና 130 ኪሎ ሜትሩን ወደ አዲስ አበባ ይምጡ። የቀረውን ጽሑፍ መንገድ ላይ ያንብቡት።

ከገለጹት ምልክት ስንነሳ እሁድ ዕለት የደረሰባቸው አላፊ ስትሮክ ነው የሚመስለው። ሐኪሞች ቲአይኤ ይሉታል። አንዳንዱ «ቀላል ስትሮክ» ሲለው ይሰማል፤ መጥፎ ስም ነው፣ ሰውን ያዘናጋል። እንዲህ ካለፈላቸው 100 ሰዎች ሕክምና ሳያገኙ ቢቀሩ 10 ያህሉን በሦስት ወር ውስጥ ሙሉ ስትሮክ ይመታቸዋል፤ ከእነዚህ ግማሽ የሚሆኑት የሚመቱት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። እናትዎ ክፉዎቹን ሁለት ቀናት በዕድል አልፈዋቸዋል፤ የቀረው አደጋ ግን አሁንም ከፊታቸው ነው። ደስ የሚለው፣ ከሕመሙ ይልቅ መዘግየቱ ነው ብዙውን የሚጎዳው። በፈረንጆቹ 2007 የወጣ የኦክስፎርድ ጥናት እንዳሳየው፣ ታማሚዎቹ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ታይተው መድኃኒታቸውን በዕለቱ ሲጀምሩ በሦስት ወር ውስጥ ስትሮክ የሚመታቸው ከ100 ወደ 10 ከሚጠጉት ወደ 2 ወርደዋል። መድኃኒቶቹ አዲስ አልነበሩም፤ የተለወጠው የሚጀመሩበት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ምን እንደሆነ እንመልከት። የቀኝ እጅንና የፊትን ቀኝ ጎን የሚያዘው የግራው አንጎል ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚናገረውም በዚያው በግራው ክፍል ነው። እጅ፣ ፊትና ንግግር ባንዴ ከታወኩ ወደ ግራው አንጎል የሚሄድ አንድ የደም ስር ለጊዜው ተዘግቶ ነበር ማለት ነው። አፋቸው ወደ ግራ መሳቡ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ «ግራውን ነው የመታት» ይባላል። የደከመው ቀኙ ነው፤ ጤነኛው የግራ ጡንቻ ነው አፍን ወደ ራሱ የጎተተው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ወዲያው አይሞትም። ቮልቴጅ ሲወርድ አምፖል ደብዝዞ እንደሚቆየው፣ ሥራውን ያቆማል እንጂ ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ይቆያል። ስሩን የዘጋው የረጋ ደም በራሱ ሟሙቶ ወይም ተሰባብሮ ካለፈ ሁሉም ይመለሳል። ካላለፈ ግን ትልቅ የደም ስር በተዘጋበት ስትሮክ በየደቂቃው ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚገመቱ የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ። እሁድ የረጋውን ደም የላከው ምንጭ፣ ልብም ይሁን የአንገት ወይም የአንጎል የደም ስር፣ ዛሬም ከቦታው አለ። ምርመራው የሚፈልገው እሱን ነው።

ነፋስ ስለተባለው፦ ሰው ነፋስ ወይም ብርድ መታው የሚለው የፊት መጣመም ራሱን የቻለ በሽታ አለው፤ የፊት ነርቭ ሲቆጣ የሚመጣ ነው። ልዩነቱ ግንባር ላይ ይታያል። ታማሚውን «ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ፣ ዓይንህን ጭምቅ አድርገህ ጨፍን» ይበሉት። የፊት ነርቩ የታመመበት ሰው በታመመው ጎን ግንባሩ አይሸበሸብም፣ ዓይኑም አይከደንም። በስትሮክ ግን ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይሸበሸባል፤ የሚወድቀው የአፍ ጥግ ነው። በተጨማሪ የፊት ነርቭ ሕመም በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ እየባሰ ይመጣል፤ እጅ አያደክምም፤ ቃል አያጠፋም፤ በሩብ ሰዓትም አይድንም። የእናትዎ ስኒ ከእጃቸው መውደቁ ብቻውን የነፋስን ነገር ይዘጋዋል። ይሁንና ይህን የግንባር ፍተሻ ቤት ለመቅረት ምክንያት እንዳያደርጉት። ፊት ድንገት ከተጣመመ ሐኪም ይለየው፤ የፊት ነርቭ ሆኖ ቢገኝም መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው የበለጠ የሚጠቅመው።

ወደ አስፕሪኑ ልምጣ። ሐኪም ሳያያቸው አይጀምሩላቸው። ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ የደም ስር የሚዘጋበትና የደም ስር የሚፈነዳበት። አስፕሪን የመጀመሪያውን ይከላከላል፣ ሁለተኛውን ያባብሳል። በምልክት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ኃይለኛ ራስ ምታትና ትውከት የደም መፍሰስን ያስጠረጥራሉ፤ ግን ያለ እነሱም ይፈሳል። በአገራችን ሆስፒታሎች የሚታየው የደም መፍሰስ ድርሻ ደግሞ ከምዕራባውያኑ አገሮች ጎላ ያለ ነው፤ ዋናው ምክንያት እንደ እናትዎ ያለ በቅጡ ያልታከመ ግፊት ነው። በሲቲ ስካን የፈሰሰ ደም ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። የተዘጋው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይታይ ይችላል፤ በአላፊ ስትሮክማ ብዙ ጊዜ ሲቲው ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሲቲው «ደህና ነው» ሲባል ትርጉሙ «ደም አልፈሰሰም፣ መድኃኒቱን ልንጀምር እንችላለን» ነው፤ «ምንም አልሆኑም፣ ወደ ቤት ይሂዱ» ማለት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሞች አደጋውን ለመገመት የሚጠቀሙበት ባለ 7 ነጥብ መለኪያ አለ። ዕድሜ 60 ከሞላ 1፣ ግፊት 140/90 ወይም በላይ ከሆነ 1፣ አንድ ጎን ከደከመ 2 (ድካም ሳይኖር ንግግር ብቻ ከታወከ 1)፣ ከ10 እስከ 59 ደቂቃ ከቆየ 1 (ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ 2)፣ ስኳር በሽታ ካለ 1። እናትዎ በዕድሜ ምንም አያገኙም፤ ግፊታቸው 140/90 ወይም በላይ ሆኖ ከተገኘ 1፣ በእጅ ድካም 2፣ በቆይታው 1፤ ስኳር ከሌለባቸው ድምሩ 4 ነው። 4ና ከዚያ በላይ ሆኖ ቶሎ ለደረሰ፣ ደም አለመፍሰሱም ለተረጋገጠለት ሰው፣ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል (እንደ አስፕሪን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ሌላ ኪኒን) አንድ ላይ ለ21 ቀን ያህል ተሰጥተው ከዚያ በአንዱ ብቻ ይቀጠላል። ሁለቱን በራስ ፈቃድ ለወራት ማስቀጠል ጥቅሙ ቀርቶ መድማቱ ይበዛል። ይህ ሕክምና በዋናነት የተፈተነው በመጀመሪያው ቀን በጀመሩ ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ ለእናትዎ ሁለቱ ይሁኑ ወይስ አንዱ የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል። ኮሌስትሮል የሚያወርደው አቶርቫስታቲንም፣ ኮሌስትሮላቸው «ትንሽ ብቻ» ከፍ ያለ ቢሆን እንኳ፣ አብሮ መታዘዙ የተለመደ ነው። ከሲቲው ሌላ የልብ ኢሲጂ፣ የደም ስኳር፣ የኩላሊት ምርመራ፣ ኮሌስትሮልና የአንገት የደም ስር አልትራሳውንድ ይጠይቁ። የአንገቱ ስር 70 በመቶና ከዚያ በላይ ጠብቦ ከተገኘ ቀዶ ሕክምናው የሚጠቅመው በተለይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲሠራ ነው።

እንደገና ቢመጣስ? ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ እነዚህን ፍተሻዎች ይወቁ። «ጥርስሽን አሳዪኝ» ሲባሉ የአፍ ጥግ አንዱ ይወርዳል ወይ? ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለቱን እጆች መዳፍ ወደ ላይ አድርገው ለ10 ሰከንድ ሲዘረጉ አንዱ ቁልቁል ይንሸራተታል ወይ? «ዛሬ ቡናው በደንብ ፈልቷል» የመሰለች አጭር ዓረፍተ ነገር ሲደግሙ ቃል ይጎተታል ወይ ይሳሳታል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ድንገት ከተገኘ ይበቃል። ድንገት የአንድ ዓይን መጋረድ፣ ሁለት ሁለት ማየት፣ መንገዳገድ፣ በሕይወት ደርሶ የማያውቅ ራስ ምታትም እንዲሁ። ዋናው ቃል «ድንገት» ነው። ለወራት የቆየ የእጅ መደንዘዝ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ሰዓቱን ይጻፉ። የሚፈለገው ሕመሙን ያያችሁበት ሰዓት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት ነው። ጠዋት ታመው ከእንቅልፍ ከተነሱ ማታ ሲተኙ የነበረው ሰዓት ይቆጠራል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ከዚያ ሰዓት አንሥቶ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። በአገራችን መርፌው የሚገኘው በጥቂት ቦታ ነው፤ ሰዓቱ ግን የትም ይጠየቃል። እዚህ ላይ የኛው ሰዓት አቆጣጠር ወጥመድ አለው። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ያላችሁትን ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ሲጽፈው የ6 ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፤ ያ ደግሞ መርፌውን ሊያስከለክል ወይም በማይገባው ሰዓት ሊያሰጥ ይችላል። «በኢትዮጵያ ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ፤ ወይም «ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት» በሉ። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶቻችሁም ይህን ንገሯቸው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112 ሲደውሉ በቀላሉ የሚያመልጥ ነገር ነው። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልደረሰላችሁ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ።

እስኪደርሱ ድረስ በአፍ ምንም አይሰጥ። ዳማከሴውም፣ ፌጦውም፣ ውኃውም፣ የግፊት ኪኒኑም። ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ መዋጥ ይሳነዋል፤ የተሰጠው ነገር ወደ ሳንባ ይገባና ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚህ ነው። እሁድ ዳማከሴው ሳያንቃቸው ያለፈው ዕድል ሆኖ ነው። ራሳቸውን ከሳቱ በጎናቸው ይተኙ። የደም ስኳር መለኪያ ቤት ካለ ይለኩ፤ የወረደ ስኳር ልክ እንደ ስትሮክ ሆኖ ይታያልና። መለኪያው ከ60 በታች ካሳየ ለሐኪሙ ወዲያው ይነገር፤ ስኳር በውኃ የሚሰጠው በቅጡ ለነቃና መዋጥ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ግፊታቸው 190 ወይም 200 ቢያሳይም በድንጋጤ ኒፈዲፒን (ግፊት በፍጥነት የሚያወርድ ኪኒን) ምላስ ሥር አታድርጉ። የተዘጋ ስር ያለበት አንጎል የቀረውን ደም የሚያገኘው በዚያ ከፍ ባለ ግፊት ነው፤ ግፊቱን ባንዴ ማውረድ የደበዘዘውን ክፍል ጨርሶ ያጠፋዋል። መርፌው ለማይሰጠው ሰው ሐኪሞች በመጀመሪያው ቀን እስከ 220/120 ድረስ ሳይነኩት የሚቆዩት ለዚህ ነው። ደም ከፈሰሰ ደግሞ ተቃራኒው ይደረጋል፣ ወደ 140 አካባቢ ይወርዳል። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቤት ውስጥ የሚደረገው ሁሉ ቁማር ነው። ወጌሻም አትጥሩ፤ የደከመ ክንድ ሲጎተት ትከሻው ከመጋጠሚያው ይወልቃል፤ ያ ሕመም ከስትሮኩ በኋላ ለወራት ይቆያል።

አሁን ወደ ሥሩ፦ ግፊቱ። እናትዎ አምሎዲፒንን እንደ ራስ ምታት ኪኒን ነው የያዙት። መድኃኒቱ ከተዋጠ በኋላ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ሥራውን የሚሠራው በየቀኑ ተውጦ አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው። ራሳቸውን ያመማቸው ለብቻው ይተዋቸዋል፤ ምስጋናውን ኪኒኑ ይወስዳል። በዚያ ላይ ራስ ምታት የግፊት መለኪያ አይደለም። አብዛኛው ግፊት ያለበት ሰው 170 ሆኖ ምንም አይሰማውም። የላይኛው ቁጥር በ10 ዝቅ ቢል ስትሮክ በሩብ ገደማ ይቀንሳል፤ ከየትኛውም ሌላ መከላከያ በፊት ይህን ያስቀድሙ። ቁርጭምጭሚታቸው ካበጠ (የአምሎዲፒን የታወቀ ጠባይ ነው) ወይም ወደ ኢናላፕሪል (ሌላ የግፊት ኪኒን) ተቀይሮላቸው ደረቅ ሳል ከያዛቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይቀየራል። ማቋረጥ ግን አይሆንም። ያመለጠውን ቀን ለማካካስም በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

ቤት ሲለኩ የክንድ ላይ መለኪያ ይሻላል፤ የእጅ አንጓው ብዙ ይሳሳታል። ከመለካት በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ጫት፣ ሲጋራ የለም። ሽንት ተሸንቶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ልክ ጠረጴዛ ላይ አርፎ 5 ደቂቃ ዝም ይባላል። ደብረ ብርሃን ብርድ ነውና ጋቢና ሹራብ ላይ መለካት ያጓጓል፤ ጨርቅ ላይ የተለካ አይታመንም። ክንድ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ሲለካ ወይም መጠቅለያው ለክንዱ ሲጠብ ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በደቂቃ ልዩነት፣ ለ7 ቀን ይለኩ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትተው የቀረውን አማካይ ያውጡ። ቤት ውስጥ 135/85ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ስትሮክ ለቀመሰ ሰው የሚፈለገው ከ130/80 በታች ነው።

ጨው በአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ደልደል ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። ማንኪያ መቁጠር ካስቸገረ ከረጢቱን ይቁጠሩ፦ አምስት ሰው ባለበት ቤት 1 ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። እንዲያውም ከዚያ ማለፍ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ዳቦው፣ ቋንጣው፣ ሲዘጋጅ ጨው የገባበት በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ተጨማሪ ያመጣሉ። እንጀራ በአብዛኛው ያለ ጨው ስለሚጋገር እሱን አይወቅሱት። የሚቻለው ትልቁ ለውጥ ሽሮና በርበሬውን ያለ ጨው ማስፈጨት፣ ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል በልክ መጨመር ነው።

ጾም ላይ ኪኒን የሚያቋርጡ ብዙዎች ናቸው። አምሎዲፒን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሁልጊዜ ማታ ይዋጥ፤ ከጾሙም ከረመዳንም ጋር አይጋጭም። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነ ጠበሉም ይጠጣ፣ ኪኒኑም ይዋጥ፤ ጠበል ላይ ብዙ ካስመለሳቸው ግን ግፊታቸውን ይለኩ።

አንድ ነገር ቀረ። አሁን፣ መኪና እየጠበቁም ቢሆን፣ የእጃቸውን አንጓ ከአውራ ጣት በኩል በሁለት ጣት ይዘው የልብ ምቱን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ያዳምጡ። ምቱ እንደ ሰዓት እኩል ካልሄደ፣ አንዴ ተጠጋግቶ አንዴ ከዘገየ፣ ልብ ውስጥ ደም እየረጋ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው አስፕሪን ሳይሆን ሌላ ዓይነት ደም ማቅጠኛ ነው። በአገራችን ይህ ዓይነቱ ስትሮክ የ30 ዓመት ወጣትንም ያጠቃል፤ በልጅነት በቶንሲል ሰበብ የተጎዳ የልብ በር ከኋላው አለ። የልብ በራቸው በዚህ ምክንያት ጠብቦ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች እስካሁን የሚመረጠው ዋርፋሪን ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መብላት አልተከለከለም፤ ግን በፍስክ ወራት ሳይበላ ቆይቶ ጾም ሲገባ በየቀኑ ከበላው መድኃኒቱ ይዳከማል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ያይልና ያደማል። መጠኑን ዓመቱን ሙሉ እኩል ያድርግ፤ ጾም ሲገባና ሲወጣም የደም ምርመራውን ያሠራ።

ለሐኪሙ የሚሰጡት ወረቀት ላይ ይህን ይጻፉ፦ እሁድ በስንት ሰዓት እንደጀመረ (በኢትዮጵያ ሰዓት)፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ቀኝ እጅና ንግግር መሆኑን፣ የምት ቁጥሩን፣ አምሎዲፒኑን በትክክል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚውጡት። የመጨረሻውን እናትዎ አፍረው «በየቀኑ» እንዳይሉ እርስዎ ይንገሩ፤ ሐኪሙ ኪኒኑ አልሠራም ብሎ መጠኑን በከንቱ ይጨምርባቸዋልና። የኪኒኑን ካርቶን ይያዙ። መኪናውንም እሳቸው እንዳይነዱ።